ትንሽ ስትዪ ስንት ነው?

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ወለተማርያም፤ ጋይንት።

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፤ ወገብሽስ? የጥር ውርጭ እንዴት አደረገሽ? እህሉ በደህና ገባ ወይ? ጎረቤቱ፣ ከብቱ፣ ያ ሰው ሁሉ ላይ የሚጮኸው ውሻችን ሳይቀር እንዴት ናችሁ? ዓይንሽስ እንዴት ነው? ይህን የመጨረሻውን እንደ ዋዛ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅዬ ጠየቅሁሽ እንጂ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። የዛሬው ደህና ነኝ ግን እንደ ወትሮው አይደለም፤ የምጽፍልሽ እውነቱን ነው። ደህና ነኝ ማለቴ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ባለፈው ሳምንት ጥርሴን አሞኝ ሁለት ቀን አላስተኛኝም ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል ማለቴ ነው። ካንቺም የምፈልገው እንዲህ ያለ መልስ ነው።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ ያስጽፍሻል ትዪኝ ይሆናል። በስልክማ ገና እንዴት ነሽ ብዬ ሳልጨርስ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ካርድሽ እንዳያልቅ» ብለሽ ትሸኚኛለሽ። ወረቀት ግን አይቸኩልም። ይህን የሚያመጣልሽ ጥዑመልሳን ነው፤ ያ በመተማ በኩል በርበሬ እየጫነ የሚመላለሰው ነጋዴ። የጥምቀቱን ደብዳቤሽንም ያመጣልኝ እሱ ነበር። መልሱን እስክታስጽፊ ድረስ ሁለት ቀን እዚያው እንዲሰነብት ለምኜዋለሁ።

አሁን ዓርብ ነው፤ ከቀትር በኋላ። በዚህ ሰዓት ካርቱም እንዳለ ይተኛል። ሱቁ ተዘግቷል፣ ሪክሻ የሚሉት ባጃጅ ጥላ ፈልጎ ቆሟል፣ ከጣሪያው ላይ ማራገቢያው ቀስ እያለ ይዞራል። እኔም በዚህ ሰዓት የት እንዳለሁ ይጠፋብኛል። ዓይኔን ስጨፍን ግቢው ውስጥ ያለው የኒም ዛፍ ድምፅ ከቤታችን በላይ ያለው የባሕር ዛፍ ድምፅ ይሆንብኛል፤ ስገልጥ ደግሞ ነጩ ግድግዳና አቧራው አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህች ሰዓት እዚያም እዚህም እኖራለሁ። የዛሬውን ነገር ግን በንቃት ነው የምጽፈው።

የምሠራላት ሴትዮ ሲት ዶሮቲ ትባላለች። ሲት የሚሉት ሱዳኖቹ አስተማሪ ሴትን ሲያከብሩ ነው። እንግሊዛዊት ናት፤ በወጣትነቷ መጥታ አርባ ዓመት ሪያድ የሚባለውን የዚህን ሰፈር ልጆች እንግሊዝኛ አስተምራለች፤ ሱዳናዊ ሐኪም አግብታ ነበር፣ ሞተባት። ሰባት ልጆች ካሉበት ከመጀመሪያው ቤቴ ወጥቼ እሷ ጋ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ቀጭን ናት፣ ቁመቷ ረዥም፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። ጠዋት ከኒሙ ሥር ተቀምጣ ሻይዋን ትጠጣለች፤ የምታስበውን ሁሉ የምታስበው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ምሳ ሳቀርብላት «ጀስት አ ሊትል» ትለኛለች፤ ትንሽ ብቻ ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ ያንቺ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት እንግዳ ትንሽ ይበቃኛል ካለ እየተግደረደረ ነው፤ አቅራቢዋም በሞቴ እያለች ትጨምራለች። ቃሉን አምና ትንሽ ያቀረበች ሴት በሰፈሩ ምን እንደምትባል ታውቂያለሽ። ስለዚህ ሳህኗን ሞላሁት። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስልኝ ርቧት ኖሯል ብዬ በማግስቱ ጨመርሁበት። በሦስተኛው ሳምንት «ፐርሃፕስ ስላይትሊ ለስ» አለችኝ፤ ምናልባት በጥቂቱ ቢቀነስ እንደ ማለት። ይሉኝታዋ በዛ አልሁና የዚያን ዕለት ሁለት ጭልፋ መረቅሁላት። ኋላ የግቢው ዘበኛ ሙሄዲን ጠራኝና «ወላሂ፣ ድመቶቹ ወፍረው አጥር መዝለል አቃታቸው፤ ኸላስ፣ ይብቃ» አለኝ። ለካስ የሚበላው ሌላ ኖሯል።

በጣም አፈርሁ። ሲት ዶሮቲ ግን አልተቆጣችም፤ ማንኪያ አነሳችና ሳህኑ ላይ ሁለት ጊዜ አድርጋ ትንሽ ማለት ይህ ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ስትል ትንሽ አቀርባለሁ። የእሷ ትንሽ እንደ እኛ አገር ትንሽ አይደለም፤ ትንሽ ካለች ትንሽ ነው ብዬ ልቤ ውስጥ ጻፍሁት። እማዬ፣ ስሕተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሌላውንም ቃሏን በዚያው ልክ ለካሁት። ግንቦት ላይ ሙቀቱ አርባ አምስት ገብቶ አስፋልቱ ሲለሰልስ፣ እሷ መነጽሯን አውልቃ ግንባሯን ትጠርግና «አ ቢት ዋርም» ትላለች፤ ትንሽ ሞቅ ብሏል እንደ ማለት። ለምዳው ነው ብዬ አለፍሁት። አንድ ቀን ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል መጣና ቀኑ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ፤ የገዛ እጄ አልታይ አለኝ። እሷ ከጨለማው ውስጥ ሆና ዛሬ አቧራ ሳይኖር አይቀርም አለች። የምስር ወጥ ሠርቼ ቀምሳ «ኖት ባድ» ስትለኝ ግን አላለፍሁትም። መጥፎ አይደለም ማለት እኮ ነው። ኩሽና ገብቼ አኩርፌ ዋልሁ።

ለጎረቤቴ ለሀኒፋ ነገርኋት። ሀኒፋ የወሎ ልጅ ናት፣ አጥር በሚለየን የሱዳኖች ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሳቀችብኝ። «የኔዋ መዳም ሽሮዬን ቀምሳ ሚያ ሚያ፣ መቶ በመቶ ትለኛለች፤ ከዚያ ሁለተኛ አትነካውም። ያንቺዋ መጥፎ አይደለም ብላ ሳህኑን በዳቦ ትጠርጋለች። አንቺ ይመኙሻል፣ ጆሮሽን ትተሽ ዓይንሽን ተጠቀሚ» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ እኔ ግን የዚያን ጊዜ ቀልድ መሰለኝ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሳራ የምትባል ጓደኛዬ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ከወንዙ ማዶ ሐጅ ዩሱፍ ወደሚባለው ሰፈር ጠርታኝ ነበር። ፈቃድ የጠየቅሁት ከሳምንት በፊት ነው። ነጠላዬን ለብሼ ልሰናበታት ስወጣ ሲት ዶሮቲ ከኒሙ ሥር ተቀምጣለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። አመመሽ ወይ አልኋት። «አ ቢት ኦፍ ዲስኮምፈርት» አለች፤ ትንሽ አልተመቸኝም እንደ ማለት። ልቅር አልኋት። ይህን ያህል የሚያስቀር ነገር አይደለም፣ ሕፃኑ ይጠብቅሻል አለችኝ። ትንሽ ካለች ትንሽ ነው ብዬ ሄድሁ።

ሃፍላው፣ ሚኒባሱ ማለቴ ነው፣ የመንሺያ ድልድይ ላይ ሲደርስ መኪና ተዘጋግቶ ቆመ። ከታች ዓባይ ሞልቶ ነበር፤ የእኛን አፈር ይዞ ቀልቷል። እሱን እያየሁ ከመስኮቱ ተደግፌ ሸለብ አደረገኝ። በሕልሜ አንቺ በዚያ በምንጩ ቁልቁለት እንጨት ተሸክመሽ ትወርጃለሽ። ያን ቀን ታስታውሺዋለሽ፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ወድቀሽ ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው አልሽ፣ በዚያው እግርሽ አራት ቀን ቆመሽ የአባታችንን ተዝካር አስተናገድሽ፣ በአምስተኛው ቀን ወጌሻው ዳብሶ አጥንቱ ተሰንጥቋል አለ። በሕልሜም ወደቅሽ። ሳነሣሽ ግን በእጅሽ የያዝሽው እንጨት አልነበረም፤ እስከ አፉ የሞላ የሻይ ስኒ ነበር። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ቀና ብለሽ «ትንሽ ነው» አልሽኝ።

ስነቃ ሻዩ ትዝ አለኝ። ስሰናበታት ሻይዋ ከጎኗ እንደሞላ ነበር፤ ወተቱ ከላይ ቆዳ ሠርቷል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲት ዶሮቲ ሻይዋን ሳትጠጣ ቀርታ አታውቅም። ሹፌሩን አውርደኝ አልሁት፤ ድልድዩ ላይ አይወረድም ብሎ ተቆጣ፤ በሩን ከፍቼ ወረድሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ በመኪናዎቹ መሀል ወደ ኋላ ሮጥሁ፣ ከድልድዩ ስወጣ ሪክሻ ያዝሁ።

ከወንበሯ ወርዳ ከዛፉ ግንድ ተደግፋ አገኘኋት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። አየችኝና፣ እማዬ ይህን ስነግርሽ ሳቄም እንባዬም ይመጣል፣ እንኳን መጣሽ፣ ትንሽ ሳልቸገር አልቀርም አለችኝ። ሙሄዲን «ያላ፣ ያላ» እያለ መንገድ ላይ ቆሞ ያገኘውን መኪና አስቆመ። ሆስፒታል ስንደርስ ወጣቱ ሐኪም ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ጠየቃት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ፣ ትንሽ ትንሽ አለችው። ሐኪሙ እሷን ትቶ እኔን አየኝ። ልቧ ነው፤ አንድ ሰዓት ብትዘገዪ ኖሮ የምናደርገው አይኖርም ነበር አለኝ።

አሥራ አንድ ቀን ተኝታ ተነሣች። እኔ ግን አላስቻለኝም። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ፣ ለምን እውነቱን አልነገርሽኝም ብዬ ተቆጣኋት። አሠሪዬ መሆኗንም ረሳሁት። ትራሷን አስተካክላ ቀና አለች። ከዚያ ስለ እናቷ አወራችኝ። እናቷ ስድስት ልጆች በጠባብ ቤት አሳድጋ፣ አመመኝ ማለት የሌላውን ቦታ መሻማት ነው ትላቸው ነበር አለች። ስለዚህ ሁሉም ሕመሙን አጣጥፎ ትንሽ ያደርገዋል፤ ቤቱ እንዲበቃቸው። የሚያውቁት ግን ያውቃሉ፤ ትንሽ አመመኝ ካለች በሽታው ብዙ ነው፣ መጥፎ አይደለም ካለች ወዳዋለች። በምግብ ብቻ ትንሽ ማለት ትንሽ ነው ብላ ሳቀች። እኔ እንዴት ልለየው አልኋት። ቃሉን ተዪው፣ ሰውየው ማድረግ የተወውን ነገር እዪ አለችኝ። ሀኒፋ አጥር ላይ ሆና የነገረችኝ ለካስ ይህንኑ ነበር።

እንግዲህ ወዳንቺ ልምጣ። የጥምቀቱ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ገና ፖስታውን ስከፍት ልቤ ደንገጥ አለ። ጽሕፈቱ ያንቺ አይደለም፤ የህሊና ነው፤ የወንድሜ የተድላ ሚስት ጽሕፈቷ እንደ መልኳ ነው፣ አይጠፋኝም። ውስጡ «ዓይኔን ትንሽ ጋረድ ስላደረገኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ» ይላል። ድሮ ቢሆን ስሜው ትራሴ ሥር አደርገው ነበር። ያን ቀን ግን የስድስት ዓመት ደብዳቤዎችሽን በሙሉ አውጥቼ አልጋዬ ላይ በተርታ ዘረጋኋቸው።

እማዬ፣ አንቺ ጽሕፈት የተማርሽው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከአባባ ጋር ተጣልተሽ ነው። ማንም እንዲጽፍልሽ ፈቅደሽ አታውቂም። የመጀመሪያው ዓመት ደብዳቤሽ ፊደሉ ደቃቅ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። በሦስተኛው ዓመት ፊደሉ ተልቋል፤ እኔ ያን ጊዜ ሰፊ ወረቀት አግኝታ ነው ብዬ ነበር። በአምስተኛው አንዱ መስመር ሌላው ላይ ወጥቷል፣ አራት ነጥቡ ከቃሉ ርቆ ብቻውን ወድቋል። ስድስተኛው የህሊና ነው። ማራገቢያው ወረቀቶቹን ከፍ ዝቅ ሲያደርጋቸው፣ ዓይንሽ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ሲከደን አየሁት። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

ከዚያ የተውሽውን ፈለግሁ። ፈትል መፍተልሽን ከጻፍሽ ሁለት ዓመት አልፎሻል። ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ ትዪ የነበርሽው፣ ተድላ ይዞኝ ሄደ ሆኗል። ዳዊቴን ደገምሁ ትዪ የነበርሽው፣ ካህኑ ሲያነብቡ ሰማሁ ሆኗል። ሁሉንም ነግረሽኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ትንሽ ስትዪ ስንት ነው እማዬ? ከደጃፉ እስከ አጥሩ ታዪያለሽ? የሰው ፊት ትለያለሽ? የተድላን ልጅ የሚልዮንን ጥርስ መውለቅ አይተሽ ነው የጻፍሽልኝ ወይስ ነግረውሽ?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነበር ብዬ የጻፍሁልሽ ታይፎይድ ነበር። አንድ ወር ከኩሽናው አጠገብ ባለው መደብ ላይ ተኝቼ፣ ፀጉሬ እየተነቀለ፣ ሀኒፋ ናት በአጥር እየተንጠላጠለች ሾርባ ያቀበለችኝ፤ ያ የመጀመሪያው ቤቴም ከእሷ አጥር በወዲያ በኩል ነበር። ሥራው ትንሽ ይበዛል ያልሁሽም ሰባት ልጅ ነው። ያኔ እንዳታስቢ ብዬ ነበር። ከማን እንደ ተማርሁት አሁን ገባኝ።

ሲት ዶሮቲ አማርኛ አታነብም፤ ግን የልጆች ደብተር ስታርም የኖረች ሴት ናት። ደብዳቤዎቹን ተራ በተራ ከፊቷ አድርጌላት ብዙ አየቻቸው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። የእናትሽ ዓይን ሞራ ሳይሆን አይቀርም፣ የእኔንም አንድ ጊዜ ገፈውልኛል፣ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፣ ይህን ያህል የሚወራለት ነገር አይደለም አለችኝ። ቀጥላም፣ ከሰሞኑ ብትሄጂ መጥፎ ሐሳብ አይመስለኝም አለች። የዛሬ ሦስት ዓመት ቢሆን ክረምቱ ሲያልፍ እሄዳለሁ ብዬ አስብ ነበር። አሁን ግን ትርጉሙ ገባኝ፤ ዛሬውኑ ተነሺ ማለቷ ነው።

ስለዚህ እየመጣሁ ነው። የመውጫ ወረቀቴ ሁለት ሳምንት አይፈጅም ብለውኛል፤ ኢንሻላህ ሁዳዴው ሳይጋመስ እደርሳለሁ። በእኔ ቦታ የሀኒፋ የአክስት ልጅ ፋሪሃ ትገባለች። ሳህን ስታቀርቢ ትንሽ ማለት ሁለት ማንኪያ ነው፣ ደረቷን ከያዘች ግን ትንሽ ማለት ሐኪም ጥሪ ማለት ነው፣ ጠዋት ጠዋት የሻይ ስኒው ባዶ መሆኑን እዪ ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ እሷን ትቼ መምጣቱ ብቻ ነው። ትናንት ስነግራት በመስኮቱ ወደ ኒሙ እያየች፣ ትንሽ ሳትናፍቂኝ አትቀሪም አለችኝ። ልኩን ስለማውቀው ሻይዋን ሄጄ አፈላሁላት።

ተድላ ወንድሜ፣ ይህን የምታነብላት አንተ ከሆንህ፣ እዚህ ላይ «ኧረ ትንሽ ነው፣ ምን አስሮጣት» ትልሃለች፤ አትመናት። ጎንደር የዓይን ሐኪም ያለበትን ቀን ካሁኑ ጠይቅልኝ። በፊቷ መብራት አንሥተህ ዓይኗ መከተሉን እይ። ህሊና፣ ስለጻፍሽላት አልተቀየምሁሽም፤ እንዲያውም ጽሕፈትሽ ነው የቀሰቀሰኝ።

ሚልዮንን ሳሙልኝ፤ ያወለቀውን ጥርስ ጣሪያ ላይ ካልጣለው አስቀምጦ ይጠብቀኝ። ጎረቤቱን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በሉልኝ። ሀኒፋም እንደ ገዛ እናቷ አድርጋ ሰላም ብላሻለች። ሙሄዲን አንቺን ሐጃ ይልሻል፣ እዚህ ትልቅ እናትን ሲያከብሩ ነው፤ ድመቶቹ ከስተዋል በላት ብሎኛል።

እማዬ፣ ስመጣ ደጃፍ ላይ ቆሜ ዝም እላለሁ። በኮቴዬ እንዳታውቂኝ ጫማዬን አውልቄ ነው የምመጣው፤ ተንኮልሽን አውቀዋለሁ። ማን እንደ ቆመ በዓይንሽ ለይተሽ ንገሪኝ። ካልለየሽኝም አትፈሪ፣ ደህና ነኝ ብቻ አትበዪኝ፤ እጅሽን ይዤ እዚያው ጎንደር እንሄዳለን። እስከዚያው ሲት ዶሮቲ እንደምትለው ልበልሽ፤ ትንሽ ናፍቀሽኛል።

ልጅሽ ይመኙሻል

ሪያድ፣ ካርቱም
የካቲት ፫ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.